ሞተሩ ሲወርድ አጠገቡ ቁሙ፦ ፌራሪ ኤፍ 355 እንዴት እንደገዛሁና ምን እንዳየሁ

ይህን የምጽፈው እንዲህ ያለ መኪና ለመግዛት ገንዘብ እያጠራቀመ፣ ማታ ማታ ፎቶ ሲያገላብጥ ለሚያመሽ ሰው ነው። እኔም ለብዙ ዓመታት ያ ሰው ነበርኩ። ስለ ግዢው የሚመክረኝ ሞልቶ ነበር። ከተገዛች በኋላ ስለሚመጣው ነገር፣ በተለይ ቁልፉን ለጋራዥ ስታስረክቡ ስለሚሆነው ግን አንድም ሰው ትንፍሽ አላለልኝም።

አስቀድሜ ለምን እንደምንወዳቸው ልናገር፤ በኋላ የደረሰብኝ ንዴት የሚገባችሁ ይህን ካወቃችሁ ነው። ከሩቅ የሚያየን ሰው «ለፍጥነት ነው» ወይም «ለመታየት ነው» ይላል። ኤፍ 355 እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 1999 የተመረተ መኪና ነው፤ ፋብሪካው በሰጠው ቁጥር ከቆመበት ተነስቶ በሰዓት 100 ኪሎሜትር ለመድረስ 4.7 ሰከንድ ይፈጅበታል። ዛሬ ባለ አራት በሩ የቴስላ ሞዴል 3 ፐርፎርማንስ 4 ሰከንድ ሳይሞላው እዚያ ይደርሳል። ፍጥነት ብቻ የፈለገ ሰው እሱን ይግዛ፤ ከልቤ ነው የምለው። ለመታየት የሚገዛም አለ፣ አልክድም። እሱ ግን የመጀመሪያው ትልቅ ሰርቪስ ሳይደርስ ይሸጣታል፤ ጥሩ መኪኖች ለእኛ የሚደርሱንም አንዳንዴ በዚያ መንገድ ነው።

እኔን የያዘኝ ሞተሩ ነው። ስምንት ሲሊንደር፣ 3.5 ሊትር፣ በየሲሊንደሩ አምስት አምስት ቫልቭ፤ ሦስቱ ያስገባሉ፣ ሁለቱ ያስወጣሉ። በድምሩ 40 ቫልቭ ማለት ነው። ፒስተኖቹን ከክራንክሻፍቱ (ውጣ ውረዳቸውን ወደ ዙር ከሚለውጠው ዘንግ) ጋር የሚያያይዙት ዘንጎች ቲታኒየም ናቸው። 380 የፈረስ ጉልበቱን የሚያወጣው በደቂቃ 8250 ዙር ላይ ሲደርስ ነው፤ ታች ላይ ዝም ብላችሁ ብትጎትቱት የሚሰጣችሁ ነገር ጥቂት ነው። ክራንክሻፍቱ ጠፍጣፋ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ክርኖቹ የቆሙት በ180 ዲግሪ እንጂ በተለመዱት የአሜሪካ ቪ8 ሞተሮች እንደምናየው በ90 ዲግሪ አይደለም። ስለዚህ እሳቱ ከአንዱ የሲሊንደር ረድፍ ወደ ሌላው፣ ከዚያም ተመልሶ ወደ መጀመሪያው እየተፈራረቀ ይቀጣጠላል። ከ5000 ዙር በላይ ያ ድምፅ ሲከፈት የሚሰማኝን ለሰው ለማስረዳት ብዙ ጊዜ ሞክሬ አልሆነልኝም። ጀርባዬ ስር ያለው ብረት ሁሉ በአንድ ልብ የሚሠራ ይመስለኛል።

ማርሹም አለ። የማርሹ ዘንግ የሚመላለሰው በተቆራረጠ የብረት ሰሌዳ መሐል ነው፤ እያንዳንዱ ማርሽ ሲገባ ብረት ብረትን ሲነካ ትሰማላችሁ። የካምቢዮው ዘይት እስኪሞቅ ሁለተኛ ማርሽ አልገባም ይላል። በግድ አታስገቡት፤ ከአንደኛ ወደ ሦስተኛ ዝለሉ፤ ጥቂት ኪሎሜትር ከሄዳችሁ በኋላ ራሱ ይለዝባል። አዲስ ገዢዎች ይህን ብልሽት መስሏቸው ይደነግጣሉ። እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ከመሪው ጀርባ ባለ መቅዘፊያ መሰል ማንሻ የሚቀየረው ካምቢዮም ቀርቦ ነበር፤ ያንን የሚወዱ ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን በዚህ መኪና ላይ አልመክረውም። ፍሪሲዮን የሚረግጠው ግራ እግሬ ሥራ እንዲቀርበት አልፈልግም።

ይህ ፍቅር የእኔ ብቻ አይደለም። ላምቦርጊኒ እ.ኤ.አ. በ1966 ባቀረበው ሚዩራ ላይ ባለ 12 ሲሊንደሩን ሞተር ከሾፌሩ ጀርባ አግድም አስተኝቶታል። የማክላረን ኤፍ 1 ሠሪዎች ሙቀት ለመመለስ የሞተሩን ክፍል በወርቅ ቅጠል ለብጠውታል፤ በጠቅላላው የተሠሩትም 106 ብቻ ናቸው። ስለ እነዚህ መኪኖች የምናወራ ሰዎች የምናወራው ስለዚህ ነው፦ አንድ መሐንዲስ አስቸጋሪውን መንገድ መርጦ እስከ መጨረሻው ስለመሄዱ። የምንወደው ከኮፈኑ ስር ያለውን ነው። ጋራዦች ግን ይህንን አያምኑም፤ ውስጡን የሚጠይቅ ባለቤት ሲመጣባቸው ግራ ይጋባሉ።

ግዢውን በአጭሩ ልለፈው፤ እኔን አላስቸገረኝም። የሰርቪስ ወረቀቶቹ ሙሉ መሆናቸውን አየሁ። ገለልተኛ መካኒክ ቀጥሬ የሲሊንደሮቹን ግፊት አስለካሁ፤ የታመቀ አየር አስገብቶም የሚያመልጠው ምን ያህል እንደሆነ በየሲሊንደሩ ጻፈልኝ። በዚህ ሞዴል ይህ የግድ ነው፣ በተለይ ቀደም ያሉት ላይ ቫልቩ የሚመላለስበት ቱቦ ቶሎ ስለሚበላ። ጎማው ጎን ላይ የታተሙትን አራት ቁጥሮች አነበብኩ፤ የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ። ጥርሱ ያላለቀ ግን ያረጀ ጎማ በእንዲህ ያለ መኪና ላይ ሰው ይገድላል። ዳሽቦርዱ ላይ ያሉት ቁልፎች መጣበቃቸው የታወቀ ነውና አላሳሰበኝም።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እናገራለሁ፦ ሻጮች ሁሉ «ያልተነዳች፣ ኪሎሜትሯ ትንሽ» እያሉ ዋጋ ሲሰቅሉ አትስሟቸው። ቆማ የኖረች መኪና ጎማዋ ይደርቃል፣ ዘይት የሚይዙት ላስቲኮች ይሰነጠቃሉ፣ ነዳጇ ይበላሻል። እኔ የመረጥኳት በየዓመቱ የተነዳችውንና በየዓመቱ ወረቀት ያላትን ነው። እስካሁን ደስ የሚለኝ ውሳኔ ነው።

አሁን ወደ ቺንጋው።

የኤፍ 355 ካምሻፍቶች፣ ማለትም ቫልቮቹን የሚከፍቱት ዘንጎች፣ የሚዞሩት በቺንጋ ነው። ቺንጋው ከተበጠሰ ፒስተኑ ቫልቩን ይመታዋል፤ ከዚያ በኋላ ሞተር አለኝ ማለት ይከብዳል። ስለዚህ በጥቂት ዓመታት ልዩነት መቀየር አለበት። ችግሩ ቺንጋው ያለው በሞተሩ ፊት፣ ከመቀመጫዎቹ ጀርባ ባለው ግድግዳ ተጣብቆ መሆኑ ነው፤ እጅ የሚገባበት ቦታ የለም። ሞተሩ፣ ካምቢዮውና የኋላው እግር ከነተሸከማቸው ፍሬም ወደ ታች ይወርዳሉ፣ የመኪናው አካል ከላያቸው ይነሳል። ተከታዩ 360 ሞዴና ላይ ከመቀመጫው ጀርባ መክፈቻ ስለተሠራለት ሞተር ማውረድ ቀርቷል፤ ኤፍ 430 ላይ ደግሞ ቺንጋው ራሱ ቀርቶ በሰንሰለት ተተክቷል። የእኛዋ ግን ትወርዳለች።

ስሙን የማልጠራው ጋራዥ በዚህ ሥራ የተመሰገነ ነበር። መኪናዋን አስረከብኩ፣ ሥራው ሲጀመር ለማየት እንደምፈልግ ነገርኳቸው። «ደንበኛ ወደ ውስጥ አይገባም፣ የደኅንነት ደንብ ነው» አሉኝ። ደንብ ነው ሲባል አከበርኩ። ሲጨርሱ የተሰጠኝ ደረሰኝ አንድ መስመር ነበር፦ «የቺንጋ ሰርቪስ፣ ሙሉ»። የትኛው ክፍል እንደተቀየረ፣ የትኛው እንደተፈተሸ አንድም ዝርዝር የለውም። አሮጌዎቹን ዕቃዎች ስጡኝ ስል ተጥለዋል ተባልኩ።

መኪናዋን ይዤ ስወጣ ከጀርባዬ ቀጭን ፉጨት መጣ። ዙሩ ሲጨምር አብሮ ይጨምራል፣ ዙሩ ሲቀንስ አብሮ ይቀንሳል። ያንን ሞተር በልቤ አውቀዋለሁ፤ ከሰርቪሱ በፊት እንዲህ ያለ ድምፅ አልነበረውም። ተመልሼ ነገርኳቸው። የጋራዡ ኃላፊ ወንበሩ ላይ ከመቀመጥ ሳይነሳ፣ ሞተሩን ሳያዳምጥ፣ «እነዚህ መኪኖች ድምፅ አላቸው፣ ይለምዱታል» አለኝ።

ብዙም ሳይቆይ ዳሽቦርዱ ላይ «ስሎው ዳውን 5–8» የሚለው መብራት በራ። ይህ መብራት ከ5 እስከ 8 ያሉት ሲሊንደሮች ጭስ የሚያልፍበት ካታላይዘር (ጭሱን የሚያጣራው ክፍል) ከመጠን በላይ ሞቋል፣ ፍጥነት ቀንስ ማለት ነው። ለ1–4 የራሱ ሌላ መብራት አለ። ቀንሼ፣ ዳር ይዤ፣ አስጭኜ ወሰድኳት። በማግሥቱ ደወሉልኝ፦ ሁለቱም ካታላይዘሮች ይቀየሩ።

ሁለቱም ለምን? መብራቱ የበራው በአንዱ ወገን ነው። ሙቀቱን ለካችሁት ወይ ብዬ ጠየቅሁ። አልለኩትም። ማኒፎልዱን፣ ጭሱን ከሲሊንደሮቹ የሚሰበስበውን ቱቦ፣ አያችሁት ወይ አልኩ። ይህን የጠየቅሁበት ምክንያት አለኝ፤ የዚህ ሞዴል የጭስ ማውጫ ማኒፎልድ በጊዜ ብዛት እንደሚሰነጠቅ የታወቀ ነው፤ ሲሰነጠቅ ውጪያዊ አየር ይገባበታል፣ በጭሱ ውስጥ ያለውን አየር የሚለካው ሴንሰር ነዳጅ ያነሰ መስሎት ነዳጅ ያስጨምራል፣ ትርፉ ነዳጅ ካታላይዘሩ ውስጥ ይቃጠላል። ያን ጊዜ መብራቱ እውነት ተናግሯል ማለት ነው፤ ካታላይዘር ብትቀይሩ አዲሱም ይቃጠላል። ስንጥቁ በሙቀት መከላከያ ሽፋን ስለሚደበቅ ለማየት የሚመቸው ሞተሩ ወርዶ መሬት ላይ ሳለ ነበር። ሞተሩ ወርዶ እጃቸው ላይ ነበር! አላዩትም።

ኃላፊው የመለሰልኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። «እንዲህ ያለ መኪና የሚነዱ ደንበኞቻችን እንዲህ ያለ ጥያቄ አይጠይቁንም።» ሊያሳፍረኝ ነበር። እኔ ግን መኪናዋን የገዛሁት ይህን ለመጠየቅ ነው፤ ውስጧን ለማወቅ ነው።

ከዚያ ጋራዥ አስወጣኋት፤ በእነዚህ ሞተሮች ላይ ዕድሜውን የፈጀ፣ ብቻውን የሚሠራ አንድ አዛውንት መካኒክ ዘንድ ወሰድኳት። ጥያቄዎቼን ሁሉ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ፣ «ልጄ፣ መጀመሪያ ምንም ሳንገዛ እንይ» አለኝ። ሁለቱን ካታላይዘሮች ሞተሩ እየሠራ በጨረር መለኪያ ለካቸው፤ እኩል ነበሩ። የሙቀት መልእክቱን ተቀብለው መብራቱን የሚያበሩት ሁለት ትንንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሳጥኖች ናቸው፣ አንድ ለየወገኑ፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት። ነቅሎ አቀያየራቸው። እንደገና ነዳናት። መብራቱ በራ፤ በዚህ ጊዜ ግን «1–4» ነበር። የታመመው ሳጥኑ ነው። አንድ ሳጥን ተቀየረ፣ መብራቱ ጠፋ። ያ ሁሉ የካታላይዘር ወሬ፣ ቡሎን እንኳ ሳይፈታ በሚደረግ ሙከራ ሊቀር ይችል ነበር።

ስለ ፉጨቱም እንደ ሐኪም በማዳመጫ ሞተሩ ላይ አዳመጠና ቺንጋውን ከሚወጥሩት ኩሽኔታዎች አንዱ ነው አለኝ። ቺንጋ ሲቀየር እነዚህ ኩሽኔታዎች አብረው ይቀየራሉ፤ ሞተር አውርዶ አሮጌ ኩሽኔታ መልሶ መግጠም ምን ዓይነት ሥራ ነው? አንዱ ቢነክስ አዲሱን ቺንጋ ይዞት ይሄዳል። የመካኒኩን ግኝት በጽሑፍ ይዤ ወደ መጀመሪያው ጋራዥ ተመለስኩ። መጀመሪያ ካዱ። ኩሽኔታዎቹ የተገዙበትን ወረቀት አሳዩኝ ስል ወረቀት የለም። በመጨረሻ «ጤነኛ ስለነበሩ አልቀየርናቸውም» አሉ። ደረሰኙ ላይ ግን «ሙሉ» ተብሎ ተጽፏል። እዚያው ቢሮ ውስጥ ተቀምጬ፣ ሥራው ያለ ክፍያ እንደገና እንዲሠራና እኔም አጠገቡ እንድቆም ካልተፈቀደ ጉዳዩን ወደ ሕግ እንደምወስደው ነገርኳቸው። ያ የደኅንነት ደንብ በዚያች ሰዓት የት እንደገባ አላውቅም፤ የደኅንነት ጫማና መነጽር ሰጥተው አስገቡኝ።

ያንን ሞተር መሬት ላይ ራቁቱን ሳየው ንዴቴ ለጥቂት ጊዜ ለቀቀኝ። ማኒፎልዶቹን ሽፋናቸውን አስገልጬ አየኋቸው፤ ደኅና ነበሩ። ኩሽኔታዎቹ በሙሉ ተቀየሩ፤ የፉጨተኛውን በእጄ ሳዞረው አሸዋ የገባበት ያህል ይንኮሻኮሻል። ይዤው ወጣሁ፤ አሁንም ጠረጴዛዬ ላይ አለ።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፤ ሻጮችና ትልልቅ ጋራዦች ባይወዱትም። ደረሰኝ ላይ እያንዳንዱ ቀለበትና ኩሽኔታ በስሙ ካልተጻፈ አትክፈሉ። አሮጌው ዕቃ እንዲመለስላችሁ ሥራው ከመጀመሩ በፊት በጽሑፍ አስፈርሙ። «ስሎው ዳውን» ሲበራ መኪናዋን አቁሙ፤ ነገር ግን ሙቀቱ ሳይለካና ሳጥኖቹ ሳይቀያየሩ ካታላይዘር አትግዙ። ማኒፎልዱ ከተሰነጠቀ «ኦሪጅናል ብቻ» የሚለውን ምክር እኔ አልቀበልም፤ ከተሻለ ብረት በሌሎች የተሠራ ካገኛችሁ እሱን ግጠሙ፣ ኦሪጅናሉን ለሚቀጥለው ገዢ በሣጥን አስቀምጡ። ትልቅ አዳራሽና የሚያብረቀርቅ ወለል አይታችሁ ጋራዥ አትምረጡ፤ ጥያቄያችሁን የሚሰማውን ምረጡ። ባትሪውን መኪናዋ በቆመች ቁጥር ከቻርጀር ጋር አያይዙት። ከሁሉም በላይ ደግሞ ንዱት፤ ዘይቱ ሲሞቅ ዙሩን እስከ 8000 ውሰዱት፤ የተሠራው ለዚያ ነው።

ቀጣዩ የቺንጋ ጊዜ እየቀረበ ነው። ሥራውን ለአዛውንቱ መካኒክ ሰጥቼዋለሁ፤ የሚቀየሩትን ዕቃዎች ዝርዝር አብረን ጽፈን ጨርሰናል፣ የውሃ ፓምፑ ይከፈት አይከፈት በሚለው ላይ ብቻ አልተስማማንም። እሱ ደኅና ነው አትንካው ይላል፤ እኔ ሞተሩ እስከወረደ ድረስ ይከፈት ባይ ነኝ።