«ሁለት ሳምንት» ያልሁበት ቀን

እ.ኤ.አ. በጁላይ 2017 በሰሜን ቨርጂኒያ በሚገኝ አንድ የስፖርት መኪና መሸጫና መጠገኛ ድርጅት ውስጥ የደንበኞች አስተናጋጅ ሆኜ እሠራ ነበር። ሥራዬ በባለመኪናውና በመካኒኩ መካከል መቆም ነው፤ ባለመኪናው የሰማውን ድምፅና ያየውን መብራት ተቀብዬ በሥራ ትዕዛዝ ላይ እጽፋለሁ፣ መካኒኩ ፈትሾ ያገኘውንም መልሼ ለባለመኪናው አስረዳለሁ። በዚያ ወር ግን የማስረዳው ነገር ከእጄ ላይ አለቀ። አምራቹ ጥፋቱን አምኖ ነበር፤ መፍትሔው ግን ገና አልተሠራም፤ ባለመኪኖቹ ደግሞ በየቀኑ ይደውሉ ነበር።

ጥፋቱ የነበረው በአንድ ሞዴል ባለሁለት ፍሪሲዮን (ክላች) ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ላይ ነው። እንዲህ ያለው ካምቢዮ ሁለት ፍሪሲዮኖች አሉት፤ አንዱ አንደኛን፣ ሦስተኛንና አምስተኛን የመሰሉ ጎዶሎ ማርሾችን፣ ሌላው ደግሞ ሁለተኛንና አራተኛን የመሰሉ ሙሉ ማርሾችን ይይዛል። መኪናው በሦስተኛ ማርሽ ሲሄድ አራተኛው አስቀድሞ ገብቶ ይጠብቃል፤ ስለዚህ ማርሽ ሲቀየር አንዱ ፍሪሲዮን ሲለቅ ሌላው ይይዛል፣ ጉልበቱም ሳይቋረጥ ወደ ጎማው ይደርሳል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ኮምፒውተሩ እያንዳንዱ ማርሽ የት ላይ እንዳለ በትክክል ሲያውቅ ብቻ ነው፤ የሚያውቀውም ካምቢዮው ውስጥ በጋለ ዘይት መካከል በተቀመጠ አንድ አነስተኛ ሴንሰር ነው። በእኛ መኪኖች ላይ ይህ ሴንሰር ሙቀት ሲበዛበት መረጃ መስጠት ያቆም ነበር። ኮምፒውተሩ ማርሹ የት እንዳለ ሳያውቅ ፍሪሲዮኑን ቢያስይዝ ጥርሶቹ ሊሰባበሩ ስለሚችሉ፣ ካምቢዮውን ለማዳን ሁለቱንም ፍሪሲዮኖች ይለቃል። ያን ጊዜ ሞተሩ እየሠራ፣ መሪውም ፍሬኑም እየታዘዘ፣ ወደ ጎማው የሚሄድ ጉልበት ግን አይኖርም።

በአሜሪካ ሕግ አንድ አምራች መኪናው የደኅንነት ጉድለት እንዳለበት ሲወስን በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ ለብሔራዊ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት አስተዳደር ማስታወቅ፣ ከዚያም በ60 ቀናት ውስጥ ለባለመኪኖቹ በደብዳቤ መንገር አለበት። መፍትሔው ባይደርስም ደብዳቤው አይቀርም፤ በመጀመሪያው ጉድለቱንና አደጋውን ይገልጻል፣ ዕቃው ሲዘጋጅ ደግሞ ሁለተኛ ደብዳቤ ይልካል። ለባለመኪናው በጣም አስቸጋሪው ጊዜ በእነዚህ ሁለት ደብዳቤዎች መካከል ያለው ነው። መኪናህ እንከን አለበት ተብሎ ተነግሮሃል፤ የባንክ ዕዳውንና ኢንሹራንሱን በየወሩ ትከፍላለህ፤ የሚጠግንልህ ግን የለም። እኛ ጋ ስማቸው በዝርዝር የተያዘ 14 ባለመኪኖች ነበሩ። ከእነርሱ መካከል አንዱ የአገሬ ሰው ነበሩ።

እኚህን ሰው ጋሼ እያልሁ ነው የምጠራቸው፤ እዚህም እንዲሁ ልጥራቸው። በዋሽንግተን ከተማ መሀል በመኪና ማቆሚያ ሥራ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይተዋል፤ ቲኬት ቆራጭ ሆነው ጀምረው በመጨረሻ የብዙ ማቆሚያዎች ኃላፊ ሆነዋል። የሰው የስፖርት መኪና ቁልፍ ተቀብለው፣ በጠባቡ መተላለፊያ በጥንቃቄ አውርደው፣ አቁመው፣ ማታ ለባለቤቱ አስረክበው ኖረዋል። ጡረታ ሲወጡ ያንኑ ዓይነት መኪና ለራሳቸው ገዙ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከባለቤታቸው ጋር ወደ ሸናንዶዋ ተራሮች ይወጡና በስካይላይን መንገድ ላይ፣ ፍጥነቱ በሰዓት ከ35 ማይል እንዳይበልጥ በተወሰነበት ጎዳና፣ ጫካውን እያዩ ይመለሱ ነበር። መኪናው ከዚያ ብዙ እጥፍ እንደሚፈጥን ያውቃሉ፤ እርሳቸው የፈለጉት ግን ፍጥነቱን አልነበረም።

ደብዳቤው በደረሳቸው ማግስት ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ ይኼን ወረቀት አነበብሁት፤ መቼ እንደሚሠራ ግን አይናገርም። አንተ ምን ትላለህ?»

ከዚያ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ የአምራቹ የአካባቢ ተወካይ መጥቶ ነበር። ዕቃው በሁለት ሳምንት ውስጥ መምጣት ሊጀምር ይችል ይሆናል ብሎ ነበር ከሥራ አስኪያጃችን ጋር ሲነጋገር የሰማሁት። አፉ ላይ ያለው ሁሉ «ይሆናል» ነበር። እኔ ግን የጋሼ ድምፅ ሲጨነቅብኝ አንጀቴ አልችል አለና፣ «ጋሼ፣ አይጨነቁ፤ በሁለት ሳምንት ይደርሳል» አልኋቸው። «ሊደርስ ይችላል» ከእኔ አፍ «ይደርሳል» ሆኖ ወጣ። በዚህም አላበቃሁም። እስከዚያ መንዳት እችላለሁ ወይ ብለው ሲጠይቁኝ፣ «በእርጋታ ከነዱት ችግር የለውም» ብዬ መለስሁ። ይህን የትም አላነበብሁትም፤ ማንም መካኒክም አልነገረኝም። ሙቀት የሚመጣው ከፍጥነት ነው ብዬ ከራሴ ያመጣሁት ግምት ነበር።

ዛሬም ሳስበው የሚከብደኝ ይህ ነው። ደብዳቤው የእንግሊዝኛ ነው፤ በጥንቃቄ የተጻፈና ከአቅም በላይ ቃል የማይገባ ደረቅ ደብዳቤ ነው። እኔ የነገርኋቸው ግን በአማርኛ ነው፤ ጋሼ እያልሁ፣ እንደ ልጅ እየተቆረቆርሁ። ከወረቀቱ ይልቅ እኔን ማመናቸው ተፈጥሯዊ ነበር። ለአሜሪካዊው ደንበኛ በእንግሊዝኛ ስናገር ተጠንቅቄ የምመርጠውን ቃል፣ ለገዛ ወገኔ ስናገር በፍቅር ምክንያት ትቼዋለሁ።

ሁለቱ ሳምንታት አለፉ፤ ዕቃው አልመጣም። እኔም አዲስ ነገር ስለሌለኝ አልደወልሁም። አፍሬ ዝም አልሁ፤ ስልኩ ላይ የእርሳቸውን ቁጥር ሳይ እንኳ አንድ ጊዜ ሳላነሣው ቀርቻለሁ። በሦስተኛው ሳምንት ቅዳሜ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ጋሼ ከባለቤታቸው ጋር ሜሪላንድ ወደሚገኝ የዘመድ ክርስትና ሲሄዱ በፖቶማክ ወንዝ ላይ የተዘረጋው የዉድሮው ዊልሰን ድልድይ በመኪና ተጨናንቆ አገኙት። እንዳልኋቸው በእርጋታ እየነዱ ነበር። ሄድ ቆም፣ ሄድ ቆም ሲሉ ከቆዩ በኋላ መንገዱ ከፈት ሲልላቸው ነዳጅ ረገጡ፤ ሞተሩ ጮኸ፣ መኪናው ግን አልፈጠነም። ከኋላቸው ትልቅ የጭነት መኪና ነበር። ሾፌሩ ነቅቶ ፍሬን ያዘ፤ ጋሼም በቀረችው እንቅስቃሴ መሪውን አዙረው ወደ መንገዱ ዳር ደረሱ። ፖሊስ መጥቶ ከኋላቸው መብራት አብርቶ ጎታች መኪና እስኪደርስ ጠበቃቸው። ማንም አልተጎዳም። ባለቤታቸው ግን ከዚያ ቀን በኋላ ለረጅም ጊዜ በድልድዩ መሄድ እንዳልቻሉ በኋላ ሰምቻለሁ።

ሰኞ ጠዋት መኪናው ግቢያችን ውስጥ ቆሞ አገኘሁት። ሠላሳ ዓመት ያህል ካምቢዮ ሲፈታና ሲገጥም ወደኖረው ዋና መካኒካችን ሄጄ የተናገርሁትን ሁሉ ሳልደብቅ ነገርሁት። በትዕግሥት ካዳመጠኝ በኋላ መኪናውን በሊፍት አንሥቶ የካምቢዮውን ዘይት ማቀዝቀዣ አሳየኝ። ይህ ዕቃ የሚሠራው ነፋስ ሲያልፍበት ነው፤ መኪናው በደህና ፍጥነት ሲሄድ ዘይቱ ይቀዘቅዛል። በትራፊክ መጨናነቅ ውስጥ ግን የሚያልፈው ነፋስ ጥቂት ነው፤ በዚያ ላይ መኪናው በተነሣ ቁጥር ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ሙቀት ይፈጥራል፤ በሐምሌ ፀሐይ ደግሞ አስፋልቱ ራሱ ይፋጃል። «በእርጋታ» ያልኋቸው ምክር ሴንሰሩን ከሁሉ የበለጠ የሚያግለው አነዳድ ነበር። መካኒኩ አልተቆጣም፤ «እኔን ሳትጠይቅ የእኔን ሥራ ሠራህ» ብቻ ነው ያለኝ።

በዚያው ዕለት ስለ ሌላ መኪና አነሣልኝ። እ.ኤ.አ. በ2014 መጀመሪያ ላይ በአውሮፓ ሁለት የፖርሽ 911 ጂቲ3 መኪኖች ሞተራቸው በእሳት ተያያዘ። ኩባንያው ምክንያቱን ገና እየመረመረ ሳለ፣ የዚያን ዓመት ሞዴል የገዙ 785 ባለመኪኖች በሙሉ መኪናቸውን መንዳት እንዲያቆሙ አሳሰበ። በማርች ወር ምርመራው ሲያልቅ ፒስተኑን ከሞተሩ ዘንግ ጋር የሚያያይዘው የቢየላው ማሰሪያ ቡሎን እየላላ የሞተሩን አካል እንደጎዳ፣ ዘይትም ፈስሶ እሳት እንደያዘ ታወቀ፤ ኩባንያውም የ785ቱንም መኪኖች ሞተር በሙሉ ለመቀየር ወሰነ። መካኒኩ የነገረኝ ኩባንያውን ለማወደስ አልነበረም፤ እነዚያም ባለመኪኖች መጠበቁ አስመርሯቸው ነበር። ነገር ግን በዚያ ሁሉ ጊዜ «አትንዱት» የሚል አንድ ግልጽ ቃል በእጃቸው ነበር። ጋሼ በእጃቸው የነበረው የእኔ ግምት ብቻ ነው።

ከሰዓት በኋላ ወደ ቤታቸው ሄድሁ። ሥራ አስኪያጁ በስልክ ይበቃል ብሎኝ ነበር፤ እኔ ግን በስልክ ያበላሸሁትን በስልክ ማቃናት አልፈለግሁም። ቡና ቀረበ። ከባለቤታቸው ጋር ተቀምጠው ሲያዳምጡኝ፣ «ሁለት ሳምንት» ያልሁት የሰማሁትን ለውጬ እንደሆነ፣ «በእርጋታ ንዱት» ያልሁትም ከራሴ አፍልቄ እንደሆነ፣ ይህም ስሕተት የነበረ መሆኑን ነገርኋቸው። ጋሼ ረጅም ጊዜ ዝም አሉ።

«እኔ ሠላሳ ዓመት የሰው መኪና ስጠብቅ ኖሬያለሁ» አሉ በመጨረሻ። «አንድ ሰው መኪናው የት እንዳለ ሲጠይቀኝ፣ ሳላውቅ አንድም ቀን ‹ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው› ብዬ አላውቅም። ‹ቆይ ልይ› እላለሁ፤ ሄጄ አያለሁ። አንተም ‹ቆይ ልይ› ብትለኝ ኖሮ ምን ነበረበት?»

መልስ አልነበረኝም። እትዬ ሁለተኛውን ስኒ ቀድተው ሰጡኝ፤ እርሱንም ተቀብዬ ጠጣሁ።

በማግስቱ ከሥራ አስኪያጁና ከመካኒኩ ጋር ተቀምጠን የ14ቱን ባለመኪኖች ዝርዝር አንድ በአንድ አየን። በመጀመሪያ ያደረግነው ለእያንዳንዱ መኪና የሥራ ትዕዛዝ መክፈት ነበር። ይህ እንደ ተራ ወረቀት ሊታይ ይችላል፤ ነገር ግን በቨርጂኒያ ሕግ መሠረት አዲስ መኪና ከተረከቡት በኋላ በ18 ወራት ውስጥ ለጥገና በድምሩ 30 ቀን ከአገልግሎት ውጪ ከሆነ፣ ባለመኪናው ከአምራቹ ምትክ ወይም ገንዘቡን የመጠየቅ መብት ሊኖረው ይችላል። ያለ ሥራ ትዕዛዝ በቤቱ በር ላይ የቆመን መኪና ቀኑን ማን ይቆጥርለታል? ስንቶቹ ባለመኪኖች በእኛ ቸልተኝነት ቀናቸው ሳይቆጠር እንደቀረ ሳስብ ያሳዝነኛል። ጥገናው እስኪያልቅ የሚነዱት ጊዜያዊ መኪና መስጠት በሪኮል ሕግ፣ ማለትም አምራቹ እንከን ያለባቸውን መኪኖች ለጥገና በሚጠራበት ሕግ፣ ላይ ግዴታ ስላልሆነ፣ ሥራ አስኪያጁ አምራቹን በጽሑፍ ጠይቆና ተከራክሮ አስፈቀደ፤ ለዚህም አመሰግነዋለሁ። «መንዳት እችላለሁ ወይ?» ለሚለው ጥያቄ መካኒኩ በራሱ እጅ አጭር መልስ ጻፈ፤ እኛም ከእርሱ ላይ አንድ ቃል ሳንጨምርና ሳንቀንስ ማንበብ ጀመርን።

ለጋሼ በየሐሙሱ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ እንደምደውል ቃል ገባሁ። የመጀመሪያዎቹ ሐሙሶች ከበዱኝ፤ «ጋሼ፣ ዛሬም አዲስ ነገር የለም» ለማለት መደወል ከንቱ ድካም ይመስለኝ ነበር። እርሳቸው ግን በአራተኛው ሐሙስ ስልኩን ገና ሳይጠራ አነሡት፤ ቁጭ ብለው ይጠብቁ ነበር። በስድስተኛው ሐሙስ የነገርኋቸው ነገር ቢኖር አምራቹ ካምቢዮውን በሙሉ ከመቀየር ይልቅ ሴንሰሩን ብቻ ለመቀየር መወሰኑን ነው፤ ለዚህም ልዩ መፍቻና ለመካኒኮች ሥልጠና እንደሚያስፈልግ ነገርኋቸው። መቼ ብለው ሲጠይቁኝ «አላውቅም፤ የሥልጠናው ቀን ሲቆረጥ እነግርዎታለሁ» አልሁ። «ደግ» አሉ፤ ስለ እናቴ ጤንነትም ጠየቁኝ።

ዕቃው የደረሰው በአሥራ አንደኛው ሐሙስ ነው። ከመደወሌ በፊት ወደ መጋዘን ገብቼ ካርቶኑን በዓይኔ አየሁ፤ በላዩ ላይ ያለውን ቁጥር ከጋሼ መኪና ጋር አስተያየሁ፤ ከዚያ በኋላ ነው ስልኩን ያነሣሁት።

ሥራው ሁለት ቀን ወሰደ። ሲያልቅ መካኒኩ መኪናውን በከተማው መጨናነቅ ውስጥ ከአንድ ሰዓት በላይ ነድቶ፣ የዘይቱን ሙቀት በኮምፒውተር እየተከታተለ ፈተሸው። ጋሼ ሊረከቡ ሲመጡ የወጣውን አሮጌ ሴንሰር ማየት ፈለጉ። መካኒኩ በጨርቅ ጠርጎ መዳፋቸው ላይ አስቀመጠላቸው። ከአውራ ጣት ብዙም አይበልጥም፤ ምንም ስንጥቅ በዓይን አይታይበትም። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው አስጠግተው አዩት።

«ይህች ናት?» አሉ።

«ይህች ናት፣ ጋሼ» አልሁ። «ውስጧ ምን እንደሆነ ግን እኔ አላውቅም፤ አምራቹ ስለሚመረምራት መልሰን እንልካለን።»

ወደ መካኒኩ ዞረው በሁለት እጃቸው መለሱለት፤ ቁልፋቸውንም ተቀበሉ።