ኢንቨርተርና ትራንስፈር ስዊች በትሬይለሬ ውስጥ፦ እስካሁን የደረስኩበት

የካምፕ ትሬይለሯ የመብራት ሥራ አብዛኛው አልቋል። ባትሪው፣ ኢንቨርተሩ (የባትሪውን ኮረንቲ ወደ 120 ቮልት የሚቀይረው) እና ትራንስፈር ስዊቹ (ከውጭ መብራትና ከኢንቨርተሩ አንዱን የሚመርጠው) ቦታ ቦታቸውን ይዘዋል፤ ከውጭ ምንም ሳይሰካ ሶኬቶቹ ይሠራሉ። ዝርዝሩን የጠየቃችሁኝ ስላላችሁ ልጻፈው። ብዙ ሰው "ስንት ዋት ልግዛ?" ብሎ ነው የሚጨነቀው። እኔ ሥራው ውስጥ ስገባ ያየሁት ግን ዋናው ጥያቄ ከስዊቹ በኋላ ምን ምን ይቀመጥ የሚለው ነው። እሱ ከተወሰነ ሌላው መልክ ይይዛል።

እኛ የምናዘወትረው ቨርጂኒያ ያለውን የሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ነው። እዚያ ፓርክ ውስጥ ያሉት ካምፕ ሜዳዎች የመብራት መሰኪያ የላቸውም፣ ጀነሬተርም የሚፈቀደው በተወሰነ ሰዓት ብቻ ነው። የጠዋት ቡና ደግሞ የጀነሬተር ሰዓት አይጠብቅም።

ትሬይለሯ ባለ 30 አምፕ ናት። ከውጭ የሚመጣላት አንድ የ120 ቮልት ፌዝ (ኮረንቲ ያለበት ሽቦ)፣ አንድ ኒውትራል (መመለሻው) እና አንድ ግራውንድ (የደህንነት ሽቦው) ነው። ባትሪው 12.8 ቮልት፣ 200 አምፒር አወር ሊቲየም፤ ኢንቨርተሩ 2000 ዋት ፒዩር ሳይን (እንደ ቤት መብራት ንጹሕ ሞገድ የሚሰጥ)።

መጀመሪያ የባትሪው በኩል። 2000 ዋት ለ12 ሲካፈል 167 አምፕ ይሆናል፣ ኢንቨርተሩ ራሱ የሚያባክነው ሲጨመርበት ወደ 190 ይጠጋል። ይህ የብየዳ ማሽን ኮረንቲ ነው። ስለዚህ ገመዱ 2/0 የሚባለው ወፍራሙ፣ በጣም አጭር፣ ላጎቹም (የገመዱን ጫፍ በብሎን የሚያስሩት ቀለበቶች) በሃይድሮሊክ መጭመቂያ የተጨመቁ ናቸው። በመዶሻ የተደበደበ ላግ ላይ እምነት የለኝም፤ ትንሽ ክፍተት ካለ ይግላል፣ የጋለ ደግሞ ይላላል። ኢንቨርተሩ ከባትሪው እንዲርቅ ከተገደዳችሁ የባትሪውን ገመድ ሳይሆን የ120 ቮልቱን አስረዝሙት። ከባትሪው ፖዘቲቭ በአንድ ክንድ ርቀት ውስጥ 250 አምፕ ክላስ ቲ ፊውዝ አስገብቻለሁ። ሊቲየም ሾርት ሲያደርግ የሚለቀው ኮረንቲ ብዙ ስለሆነ ተራ ፊውዝ ቢቃጠልም በውስጡ እሳቱ ሊቀጥል ይችላል። እዚህ ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ።

ኢንቨርተሩ ውስጥ ኮረንቲ የሚያጠራቅሙ ትልልቅ ካፓሲተሮች አሉ። ባዶ ስለሆኑ ገመዱን ሲያስነኩት ቋ ብሎ ብልጭ ይላል፣ ብሎኑንም ይበላዋል። የመጨረሻውን ገመድ ከማሰሬ በፊት በ30 ኦም ሬዚስተር ለጥቂት ሴኮንድ አገናኝቼ ሞላኋቸው፣ ከዚያ ስነካው ምንም ድምፅ የለም።

አሁን ወደ ስዊቹ። አገር ቤት ጀነሬተር ያለበት ቤት ያደገ ሰው ቼንጅ ኦቨር ያውቃል፣ ሥራው ያው ነው፦ ሁለት የኃይል ምንጮች በምንም መንገድ እንዳይገናኙ ማድረግ። ልዩነቱ ይህኛው በሪሌይ (በኮረንቲ በሚሳብ ማብሪያ) ራሱ ይቀይራል። ፌዙንም ኒውትራሉንም አብሮ የሚቀይር መሆን አለበት፤ ፌዝ ብቻ የሚቀይር ለዚህ ሥራ አይሆንም።

አንዱ መንገድ ስዊቹን ከዋናው ፓኔል (የብሬከር ሳጥን) በፊት ማስገባት ነው። ቀላል ነው፣ ግን ኢንቨርተሩ ሁሉን ነገር ይሸከማል። ጣሪያ ላይ ያለው ኤሲ፣ የውሃ ማሞቂያው፣ ፍሪጁ፣ ከሁሉ በላይ ባትሪ የሚሞላው ኮንቨርተር። ኮንቨርተሩ ካልጠፋ ኢንቨርተሩ ከባትሪው ይስባል፣ ኮንቨርተሩ መልሶ ባትሪውን ይሞላል፣ በየዙሩ እየባከነ ባትሪው በከንቱ ያልቃል። በየጊዜው ብሬከር አጥፋ አብራ እያሉ መኖርን አልፈለግኩም።

እኔ የመረጥኩት ትንሽ ሁለተኛ ፓኔል ነው። ከዋናው ፓኔል አንድ ባለ 30 ብሬከር ወደ ስዊቹ፣ ከስዊቹ ወደ ትንሿ ፓኔል፣ እሷ ላይ ደግሞ ሶኬቶቹና ማይክሮዌቩ ብቻ። ብዙ ኃይል የሚስቡት ዕቃዎችና ኮንቨርተሩ ዋናው ላይ ቀሩ። ማንም ምንም ማስታወስ የለበትም። ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ ኒውትራሎቹን መለየት ነው። የአንዱን ሰርኪዩት ጥቁር ሽቦ (ፌዙን) ወደ ትንሿ ፓኔል ወስዳችሁ ነጩን (ኒውትራሉን) ዋናው ላይ ከተዋችሁት ስዊቹ ኒውትራሉን ለየው ማለት አይቻልም። እያንዳንዱን ነጭ ሽቦ ከጥቁሩ ጋር እየተከተልኩ፣ በፕላስተር ቁጥር እየለጠፍኩ ነው ያዛወርኩት።

ግራውንድና ኒውትራል በትሬይለሯ ፓኔሎች ውስጥ አይገናኙም። የሚገናኙት ምንጩ ጋ ነው። ከውጭ ስትሰኩ ግንኙነቱ ካምፑ በኩል አለ፤ በኢንቨርተር ስትሠሩ ግን ኢንቨርተሩ ራሱ ሊያገናኛቸው ይገባል። የኔው ይህን የሚያደርግ ሪሌይ አለው። ርካሽ ከሆኑት አንዳንዶቹ ግን ከሁለቱም ሽቦ ወደ ግራውንድ 60፣ 60 ቮልት ያሳያሉ፤ እነሱን በእጃችሁ ብታገናኙ ኢንቨርተሩ ሊቃጠል ይችላል። ከመግዛታችሁ በፊት ማኑዋሉን አንብቡ።

ሌላ አንድ ነገር። የኔ ዓይነቱ ስዊች ጀነሬተር በሚለው በኩል ኃይል ሲመጣ ትንሽ ቆይቶ ሪሌዩን ይስባል፣ ኃይል ከሌለ ሾር (የውጭ መብራት ማለት ነው) በሚለው በኩል ያርፋል። እኔ ኢንቨርተሩን ሾር በሚለው፣ የውጭውን መብራት ጀነሬተር በሚለው በኩል አሰርኩ። ስለዚህ ውጭ ስሰካ የውጭው ይቀድማል፣ በኢንቨርተር ስሆን ደግሞ ሪሌዩ ከባትሪው አይበላም።

ሲሞከር፦ የጀበናዋ ምድጃ 1000 ዋት ናት። ስትበራ ኢንቨርተሩ ጋ የሚለካው ከ13.2 ወደ 12.9 ቮልት ወረደ፣ ላጎቹንም በእጄ ስነካቸው አልሞቁም። ለ15 ደቂቃ 250 ዋት አወር ነው፣ የባትሪው አንድ አስረኛ ገደማ። ምጣድ ለምታስቡ ግን ጀርባው ላይ ያለውን ቁጥር አንብቡ፤ አንድ ሰዓት ሙሉ 1500 ዋት ከሳበ ከግማሽ በላይ ባትሪ ሄደ።

ኮረንቲ ሲያመልጥ የሚቆርጥ መከላከያ ያላቸውን ሶኬቶች፣ የቴስት ቁልፋቸውን በሁለቱም ምንጭ ተጫንኩ፣ በሁለቱም ቆረጠ። ከዚህ ሁሉ በፊት የውጭ ገመዱ ተነቅሎ፣ ባትሪው ተፈትቶ፣ በመልቲሜትር ዜሮ መሆኑ ታይቶ ነው እጅ የሚገባው።

የቀረው የኢንቨርተሩን ሳጥን አየር እንዲያገኝ ፋን ማስገባትና ሁለተኛ ባትሪ መጨመር ነው። ባለ 50 አምፕ አርቪ (የጉዞ ቤት መኪና ወይም ትሬይለር) ያላችሁ፣ የናንተ ሁለት ፌዝ ስላለው ትንሿን ፓኔል ከየትኛው እንደሳባችሁና ለምን እንደሆነ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል፤ አንድ ጓደኛዬ በቅርቡ ሊጀምር ነው።