በገና በደጋን

ለንደን ነው። ለአንድ የአዋቂዎች የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል የሥዕል ማብራሪያዎች ወደ አማርኛ እንድመልስ ተላከልኝ። ሁለት ፋይል መጣ፦ አንዱ ጽሑፍ፣ አንዱ ምስል። የሚከፈለኝ በቃል ቁጥር ነው። ምስል ደግሞ ቃል የለውም። አልከፈትኩትም።

ከሥዕሎቹ አንዱ ናሽናል ጋለሪ የሚገኘው የሩላንት ሳቬሪ «ኦርፌዎስ» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1628 የተሣለ። ኦርፌዎስ በግሪኮች አፈ ታሪክ አውሬውን ሁሉ በዜማ የሚያፈዝ ሙዚቀኛ ነው። የሚጫወተው ላየር ነው ይላል ጽሑፉ። ላየርን ምን ልበለው? ክራርም በገናም ከዚያው ዘር ናቸው። ክራር ስል የምሽት ቤት ትዝ አለኝ። በገና ግን ግርማ አለው፤ ዳዊትም ሲሣል እሱኑ ይዞ ነው። «በገናውን እየደረደረ አራዊቱን አፈዘዛቸው» ብዬ ጻፍኩና ላክሁ። እውነቱን ለመናገር፣ በዐረፍተ ነገሩ ኮርቼ ነበር።

በትምህርቱ ቀን ለማስተርጎም ተጠራሁ። ፊት ወንበር ላይ ነጠላ የለበሱ አንድ እናት ወረቀቱን በጣታቸው እየተከተሉ ያነባሉ። ቀና ብለው ግድግዳው ላይ የበራውን ሥዕል አዩ። እንደገና ወረቀቱን አዩ።

«ይሄን የጻፈው ማነው?»

«እኔ ነኝ እማማ» አልኩ፣ ምስጋና ልቀበል ተዘጋጅቼ።

«ሥዕሉን አይተኸዋል ልጄ?»

ያን ጊዜ ገና ዞሬ አየሁ። ሰውየው በአንድ እጁ ቫዮሊን፣ በሌላው ደጋን ይዟል።

«በገና ይደረደራል እንጂ ይገዘገዛል እንዴ?» አሉ። «ደግሞስ በገና ፈጣሪ ይመሰገንበታል እንጂ ለአንበሳና ለወፍ ነው?»

ሐበሻው ሁሉ ሳቀ። መምህርቷ «ምን ተባለ?» ብላ ወደ እኔ ዞረች። አስተርጓሚው እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው የለም። የራሴን ስሕተት ቃል በቃል፣ ቀጥ ብዬ ቆሜ ተረጎምኩላት። ላቤ ጀርባዬ ላይ ሲወርድ ይሰማኝ ነበር።

ማታ ቤቴ ገብቼ ስለ ሠዓሊው ማንበብ ጀመርኩ። ከዚህ በፊት ማድረግ የነበረብኝን ማለት ነው። ሳቬሪ ዛሬ ቤልጂየም በሆነችው ኮርትራይክ ተወልዶ፣ በልጅነቱ ወደ ሆላንድ የተሰደደ ነው። ፕራግ ውስጥ ለንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ሩዶልፍ ሠርቷል። ንጉሡ ከሩቅ አገር የመጡ እንስሳት ያረባ ስለነበር፣ ሳቬሪ ብዙዎቹን በዓይኑ እያየ ነደፋቸው። በኋላ ዩትሬክት ተቀምጦ ኦርፌዎስን ደጋግሞ ሣለ። እንስሳቱን ሁሉ በአንድ ሸራ ለመሰብሰብ ከዚህ የተሻለ ሰበብ ከየት ይገኛል? ሙዚቀኛውማ ጥግ ላይ ያለ ነገር ነው ባይ ነኝ። ቫዮሊኑንም ያስያዘው የዘመኑ መሣሪያ ስለሆነ ነው፤ እኔ በገና እንዳስያዝኩት መሆኑ ነው። ልዩነቱ፣ እሱ አንበሳውን ሲሥል ዓይኑን ገልጦ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። በሮማዊው ባለቅኔ ኦቪድ ትረካ፣ አራዊቱ የሚሰበሰቡት ኦርፌዎስ ሚስቱን ካጣ በኋላ ነው። ይህን በሚቀጥለው ሳምንት ለእማማ ነገርኳቸው።

«እንዲያ በለኝ» አሉ። «ሙሾ ነዋ! ታዲያ እንስሳውም ዝም ብሎ የሚሰማው ለቅሶ ሆኖበት ነው።»

ወረቀቱን ያለ ክፍያ አርሜ፣ «ቫዮሊን» ብዬ መለስኩ። የድሮውን ሰብስቤ ስጥል የእሳቸውን ኮፒ አገኘሁት። «በገና» የሚለውን በሰማያዊ እስክሪብቶ ሰርዘው፣ ከላይ በሚያምር የቁም ጽሕፈት «ማሲንቆ» ብለውበታል። እሱን አልጣልኩትም።