ከመታተሙ በፊት በዓይኔ ያላየሁት ፖስተር

በኬሚስትሪ ትምህርት ጉባኤ ላይ ፖስተር ልታቀርቡ ከሆነ አንድ ነገር ልለምናችሁ፦ ፖስተራችሁን አዘጋጆቹ እንዲያትሙላችሁ አትስጡ። ከጉባኤው በፊት ይህን የሚነግረኝ አንድ ሰው ባገኝ ኖሮ የአንድ ዓመት ድካሜ በባዶ ሳጥኖች ተሞልቶ ሰው ፊት ባልተሰቀለ ነበር።

ሥራው ይህ ነበር። ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ቡናማ ጋዝ ነው። ሞለኪዩሎቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ ሲጣመሩ ቀለም የሌለው ዳይናይትሮጅን ቴትሮክሳይድ ይሆናሉ፤ እርሱም መልሶ ይከፈላል። በታሸገ ብልቃጥ ውስጥ መጣመሩና መከፈሉ በእኩል ፍጥነት ሲካሄዱ ቀለሙ ባለበት ይጸናል፤ ኬሚካዊ ሚዛን የምንለው ይህን ነው። ብልቃጡን ሙቅ ውሃ ውስጥ ሲነክሩት ቡናማው ይደምቃል፤ በረዶ ውስጥ ሲያስገቡት ይገረጣል። (ጋዙ መርዛማ ስለሆነ ብልቃጡ በፋብሪካ የታሸገ ይሁን፤ በክፍል ውስጥ ልሥራው ብላችሁ አትሞክሩ።) ተማሪዎቼ ይህን ካዩ በኋላ፣ ቀለሙ መለወጡን ሲያቆም ሞለኪዩሎቹ ምን እያደረጉ እንደሆነ በሥዕል እንዲያሳዩኝ ጠየቅኋቸው። ብዙዎቹ የቆሙ፣ የማይነካኩ ሞለኪዩሎች ሳሉ። አንዳንዶቹ ደግሞ ብልቃጡን በመስመር ለሁለት ከፍለው አንዱን ጋዝ በግራ፣ ሌላውን በቀኝ አስቀመጡት። ሥዕሎቹን ጠረጴዛዬ ላይ ደርድሬ ሳያቸው ነው ነገሩ የገባኝ፤ ልጆቹ የሳሉት ሰሌዳው ላይ የጻፍሁትን እኩልዮሽ ነበር። በግራ የጻፍሁት በግራ፣ በቀኝ የጻፍሁት በቀኝ፣ በመሃል ቀስት።

የኬሚስትሪ ትምህርት ተመራማሪው አሌክስ ጆንስተን እ.ኤ.አ. በ1991 ኬሚስትሪ ለተማሪ የሚከብደው በዓይን የሚታየውን፣ በሞለኪዩል ደረጃ ያለውንና በምልክት የሚጻፈውን ሦስቱንም በአንድ ጊዜ እንዲይዝ ስለሚጠየቅ ነው ብሎ ነበር። የተማሪዎቼ ሥዕሎች ምልክቱ ብልቃጡን እንዴት እንደዋጠው ያሳያሉ። ስለዚህ የፖስተሩ ልብ ቀስቱ ነበር፤ አንዱ ወደ ቀኝ፣ ሌላው ወደ ግራ የሚያመለክቱት ሁለቱ ግማሽ ቀስቶች፣ ተማሪው እንዴት እንደሚያነባቸው።

ቀላል የነበረውን ቶሎ ልለፈው። አጭር መግለጫው ሁለት ምሽት ፈጀ። የተማሪ ሥራ ለማሳየት የተማሪውና የወላጁ የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ይህን ጥናቱ ሳይጀመር ጨርሱት፣ ስሙንም ከሥዕሉ ላይ አጥፉ። የፖስተሩ መጠን ኤ0 ነበር፤ 841 በ1189 ሚሊ ሜትር። ቁም ይሁን አግድም መመሪያው አይናገርም፤ ጽፌ ጠየቅሁና ቁም መሆኑን ነገሩኝ። በጉባኤው ከጎኔ የሰቀለው ሰው አልጠየቀም ነበር፤ አግድም ያሳተመው ፖስተር ከ1 ሜትር ሰሌዳው 189 ሚሊ ሜትር ተርፎት ጫፉን ወደ ኋላ አጥፎ ሰቀለው። የታጠፈው ደግሞ የመደምደሚያው ዓምድ ነበር።

አንድ ዘዴ ግን ለብቻው ይነገር፣ ማንም አላስተማረኝምና። ኤ4 ወረቀት በቁመትም በስፋትም የኤ0 ሩብ ነው። ፖስተራችሁን በኤ4 አትሙና ግማሽ ሜትር አርቃችሁ አንብቡት፤ ጎብኚው ሁለት ሜትር ርቆ የሚያየው ልክ ያንን ነው። እዚያ ላይ ማንበብ ካልቻላችሁ መጀመሪያ ጽሑፉን ቀንሱ፣ ፊደሉን ከዚያ አሳድጉ። እኔ የመጀመሪያውን ረቂቅ በዚህ መንገድ ሳየው ከግማሽ በላይ ሰረዝሁ። ሞለኪዩሎቹን በቀይና በአረንጓዴ መቀባቴንም ተውሁ፤ ሁለቱን ቀለሞች መለየት የሚቸግራቸው ሰዎች፣ በተለይ ወንዶች፣ ጥቂት አይደሉም። ብርቱካናማና ሰማያዊ ተጠቀምሁ።

አሁን ወደ ማተሙ ልግባ።

መመሪያው በደማቅ ፊደል ሁለት ነገር ይመክራል። አንደኛው፣ አዘጋጆቹ ባዘጋጁት የፓወርፖይንት ቅጽ ተጠቀሙ። ሁለተኛው፣ ፋይሉን በዚያው መልኩ ለጉባኤው ማተሚያ ላኩ፤ ታትሞ በምዝገባው ጠረጴዛ ላይ ይጠብቃችኋል። ረጅም ጥቅል ይዞ መጓዝ የሚያስቸግር ስለሆነ ደስ ብሎኝ ተቀበልሁት። ከሦስት ቀን በኋላ ከመዳፌ የማይበልጥ የናሙና ምስል መጣልኝ። “እባክዎ አይተው ያጽድቁ፤ በ24 ሰዓት ውስጥ መልስ ካልሰጡ እንደጸደቀ ይቆጠራል” ይላል። በስልኬ ከፈትሁት፤ በሁለት ክፍለ ጊዜ መካከል፣ ደብተር በክንዴ ታቅፌ። ርዕሱ አለ፣ ሥዕሎቹ አሉ፣ ቀለሙ ደህና ነው። አጸደቅሁት። ቀስቶቹ በዚያ መጠን ከነጥብ አይለዩም ነበር። እንዲህ ያነሰ ምስል ልኮ “አጽድቅ” የሚል ሰው ሥራውን አልሠራም፤ ይህን ዛሬም እላለሁ። ሳላጎላው ያለፍሁት ግን እኔ ነኝ፤ ያ የበለጠ ይቆጨኛል።

በጉባኤው ማለዳ ጥቅሉን ተቀብዬ ሰቀልሁት። አራቱን ማዕዘን አጥብቄ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ስል ውብ ሆኖ ታየኝ። ጎብኚዎች መግባት ሲጀምሩ ገና ልቤ ሞቅ እንዳለ ነበር። መጀመሪያ የቆመችው መነጽር ያደረገች፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ የያዘች መምህርት ናት። ከላይ እስከ ታች ጊዜ ወስዳ አነበበችው። ከዚያ ጣቷን ወደ መሃሉ ዘርግታ፣ “እነዚህን ባዶ ቦታዎች ተማሪዎቹ ራሳቸው እንዲሞሏቸው ነው የተዉላቸው? የትኛው ቀስት እንደሚገባ እንዲመርጡ? ጥሩ ሐሳብ ነው” አለችኝ። ስለ ሥዕሎቹ የምትጠይቀኝ መሰለኝ። “አዎ፣ ሁሉንም ራሳቸው ናቸው የሠሩት” አልኋት። ፎቶ አነሣች፣ አመሰገነችኝ፣ ሄደች። ምን ማለቷ እንደሆነ እያብሰለሰልሁ ዞር ብዬ ፖስተሩን እርሷ በቆመችበት ሆኜ አየሁት።

ቀስት የለም። ግማሽ ቀስቶቹ ሊኖሩበት በሚገባው ቦታ ሁሉ ትንሽ ባዶ ሳጥን ተቀምጣለች። ቆጠርኋቸው፤ አሥራ አንድ ናቸው። ለውጥን የሚያመለክተው የግሪኩ ፊደል ዴልታም የላቲኑ ዲ ሆኗል። ተማሪ ቀስትን እንዴት እንደሚያነብ የሚናገር ፖስተር አንድም የሚነበብ ቀስት አልነበረውም።

ምክንያቱን ያወቅሁት በኋላ ነው፤ ለእናንተ ግን አሁኑኑ ልንገራችሁ። ሁለቱ ግማሽ ቀስቶች በኮምፒውተር ዘንድ አንድ ምልክት ናቸው፤ ብዙ ፎንቶች ደግሞ ይህን ምልክት አይዙም። የቅጹ ፎንት አልነበረውም። የእኔ ኮምፒውተር ምንም ሳይነግረኝ ምልክቱን ከሌላ ፎንት ተውሶ ያሳየኝ ነበር። ፋይሉ ያ ሌላው ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የሚተካው አጣና ሳጥን አስቀመጠ። ዴልታውም እንዲሁ ነው፤ የጻፍሁት “ሲምቦል” በሚባለው ፎንት ሲሆን በዚያ ፎንት ዴልታ የተቀመጠው በዲ ቦታ ላይ ነው። ፎንቱ ሲጠፋ ከሥሩ ያለው ዲ ወጣ። ማንም ክፉ አላሰበም፤ ግን ለኬሚስትሪ ጉባኤ የሚያትም ሰው ይህ ምልክት እንደሚመጣበት ማወቅ ነበረበት፤ ቅጹን ያዘጋጀውም ሰው አንድ እኩልዮሽ ጽፎ ቢሞክረው በአንድ ደቂቃ ያገኘው ነበር።

ወደ ምዝገባው ጠረጴዛ ሮጥሁ። ኃላፊው ስልኩን እያየ አዳመጠኝና፣ “የታተመው የላኩት ፋይል ነው፤ ናሙናውን ደግሞ እርስዎ አጽድቀውታል” አለኝ።

“በናሙናው ላይ ቀስቱ አይታይም ነበር።”

“ካልታየዎት መጠየቅ ነበረብዎት።”

እንደገና እንዲታተም ብለምንም ማሽኑ እስከ ከሰዓት በኋላ ተይዟል አለኝ፤ የእኔ ክፍለ ጊዜ ደግሞ 90 ደቂቃ ብቻ ነበር፣ ከእርሱም እየተቀነሰ ነው። ያበሳጨኝ እምቢታው አይደለም። አንድም ጊዜ ቀና ብሎ “እስቲ አሳዩኝ” አላለም።

ከጎኑ የነበረች ወጣት በጎ ፈቃደኛ ግን ተነሣች። “ማርከር አለ፤ ልምጣ?” አለች። ወረቀቱ አንጸባራቂ ስለነበር የመጀመሪያው ቀስት በእጅጌዬ ተጠርጎ ሰማያዊ ደመና ሆነ። ከዚያ ለስም መጻፊያ የሚሆኑትን ነጭ ተለጣፊ ወረቀቶች አመጣች፤ በመቀስ ጣት በሚያህል መጠን እየቆረጥን ቀስቱን በወረቀቱ ላይ ስለን መለጠፍ ጀመርን። እርሷ ኬሚስትሪ አልተማረችም፤ የመጀመሪያዋን ስትስል አንድ መስመር አድርጋ በሁለቱም ጫፍ ራስ ሰጠችው። “ይህኛው ሌላ ነገር ነው” ብዬ ቀደድሁት። ባለ ሁለት ራስ አንድ ቀስት ሬዞናንስን፣ ማለትም የአንድን ሞለኪዩል የተለያዩ አሳሳሎች፣ ነው የሚያመለክተው፤ እዚያ ሁለት ነገር ወዲያና ወዲህ አይመላለስም። እኛ የምንፈልገው የላይኛው ወደ ቀኝ ሄዶ ግማሽ ራሱ ወደ ላይ፣ የታችኛው ወደ ግራ ሄዶ ግማሽ ራሱ ወደ ታች ነው። ሁለት ጊዜ አሳየኋት፤ ሦስተኛውን ከእኔ አሳምራ ሳለችው። አሥራ አንዱን ስንጨርስ 40 ደቂቃ አልፏል።

ስለዚህ ምክሬ ከመመሪያው ጋር ይጋጫል፣ እንዲጋጭም እፈልጋለሁ። ቅጹን ተዉት፤ መጠኑን ብቻ ውሰዱ። ፋይሉን ፎንቶቹን በውስጡ በያዘ ፒዲኤፍ አውጡ፤ እኩልዮሾቹን በሙሉ ደግሞ ከዚያ በፊት ወደ ሥዕል ለውጧቸው፤ ሲጎላ በማይደበዝዘው በቬክተር ዓይነት። ፒዲኤፉን በእናንተ ባልሆነ ኮምፒውተር ላይ ክፈቱና ቀስት በቀስት፣ ቁጥር በቁጥር አንብቡት፤ ከሞለኪዩል ስም ግርጌ የሚገቡት ትንንሽ ቁጥሮችም ከመስመራቸው መዝለል ይወዳሉ። ከዚያ በምታውቁት ማተሚያ ቤት፣ ቆማችሁ እያያችሁ፣ ከተቻለ በጨርቅ ላይ አሳትሙት። ጨርቅ ይታጠፋል፤ ሻንጣ ውስጥ ከልብስ ጋር ይገባል። ጥቅል መሸከም አያስፈልግም የሚለው የአዘጋጆቹ ማባበያ በዚሁ ያበቃል።

ስለ አቀራረቡም መመሪያው የአምስት ደቂቃ ንግግር አዘጋጁ ይላል። አዘጋጅቼ ነበር፤ አንድም ሰው እስከ መጨረሻው አልቆመልኝም። ጎብኚ ቆሞ የሚሰማው የሚመለከተውን ያህል ነው። በቀሩኝ 50 ደቂቃዎች ንግግሩን ትቼ ለተማሪዎቼ የሰጠሁትን ባዶ የብልቃጥ ሥዕል ለጎብኚዎቹ መስጠት ጀመርሁ፤ አጋጣሚ ሆኖ ጥቂት ቅጂ በቦርሳዬ ነበረኝ። “እርስዎስ እንዴት ይስሉታል?” እላለሁ። ሽበት ያወረዱ አንድ መምህር እስክሪብቶአቸውን አውጥተው በግራ በኩል አራት ሞለኪዩሎች ሳሉ፤ በቀኝ በኩል ሊጀምሩ ሲሉ እጃቸው ቆመ። የተለጠፈውን ቀስት ቀና ብለው አዩትና ወረቀቱን ገልብጠው በጀርባው እንደገና ጀመሩ፤ ሁሉንም ቀላቅለው። ከዚያ በኋላ ስለ ማስተማር 15 ደቂቃ ተነጋገርን፤ ከጉባኤው ሁሉ የጠቀመኝ ያ ንግግር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 የሥነ ልቦና የዶክትሬት ተማሪ የነበረው ማይክ ሞሪሰን ዋናውን ግኝት በመሃል በትልልቅ ፊደል፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት የሚል የፖስተር አሠራር አስተዋውቆ ብዙ ሰው ተከትሎታል። በግማሹ እስማማለሁ። ዓረፍተ ነገሩ ይኑር፤ ሆኖም በትምህርት ጥናት ላይ መሃሉ የሚገባው ለተማሪው እጅ ሥራ ነው። መምህር የሚያቆመው እርሱ ነው፤ የራሱን ክፍል ያይበታልና። መግቢያና የጥናት ዘዴ የሚሉትን ዓምዶች ወደ ግርጌ አውርዷቸው፤ ጠያቂ ካለ በቃል ትነግሩታላችሁ።

ደግሞም የኪውአር ኮድ አድርጉበት፤ በኋላ ማረም ወደምትችሉት ገጽ የሚወስድ። ይህን የምለው ስለዚያች የመጀመሪያ መምህርት ነው። በእኔ ፖስተር ላይ አልነበረም፤ የኢሜይል አድራሻዬን እንኳ ቅጹ ቦታ ስላልሰጠው ትቼው ነበር። በሻይ እረፍት ፈለግኋት፤ በማግስቱ አዳራሹን ሁለት ጊዜ ዞርሁ፤ በመዝጊያው ዕለት በር ላይ ቆሜ የሚወጣውን ሰው ሁሉ አየሁ። ሳጥኖቹ የተማሪዎቼ እንዳልሆኑ ልነግራት ነበር። አላገኘኋትም።