የሽቦ ኤንትሬ፦ እስካሁን የደረስኩበት

የሽቦ መኪና መሥራት እንደገና ከጀመርኩ ሰነባበትኩ። ልጆች ሆነን የምንሠራውን ማለቴ ነው፤ ረጅም መሪ ያለው፣ በአፋችን ሞተር እያስነሳን ሰፈሩን የምናካልልበት። ብይም፣ ቆርኪም፣ የካልሲ ኳስም ደስ ይሉ ነበር። እኔ ግን የሽቦ መኪናን የሚያህል ጨዋታ አላውቅም። መጫወት የሚጀመረው ገና ሽቦ ሲፈለግ ነው።

ያደግኩት ኮምቦልቻ ነው። በግንቦት 1990 ጦርነቱ እስኪነሳ ድረስ የአሰብ ጭነት በባቲ አድርጎ በከተማችን ያልፍ ነበር። ስለዚህ የሰፈራችን ልጅ ህልሙ የቤት መኪና አልነበረም፤ ኤንትሬ ነበር። ፊያት 682 ኤን 3 የሚባለው የጭነት መኪና። ጣሊያኖቹ 682ን መሥራት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1952 ነው፤ እኛ ጋ ግን በ80ዎቹም ዳገቱን እያቃሰተ ይወጣ ነበር። ፊቱ ጠፍጣፋ፣ መሪው በቀኝ። ከመሥራታችን በፊት የቆመ መኪና ዙሪያ ዞረን እናያለን። ፓራውልቱ፣ የፊት መከላከያው፣ ምን ያህል ወደ ፊት ይወጣል? ካሶኒው፣ ጭነቱ የሚጫንበት፣ ከጋቢናው በስንት ይበልጣል? ዛሬም ከእጅ ይልቅ የሚያስቸግረኝ ይሄ ነው። መጠኑን ዓይን ካልያዘው ሽቦው የቱንም ያህል ቢስተካከል ኤንትሬ አይመስልም።

አሁን የምኖረው አዲስ አበባ ስለሆነ ዕቃ የምለቅመው ከመርካቶ፣ ከምናለሽ ተራ ነው። ሁሉን ለሚሸከመው ለሻንሲው 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሽቦ ይበቃል። ለማሰሪያ ፌሮ የሚታሰርበት ጥቁር ሽቦ የሚተካከለው የለም፤ ለስላሳ ነው፣ ሲጠመጠም አይሰበርም። መሣሪያ ካላችሁኝ ፒንሳ ብቻ።

ሻንሲና ጋቢና ላይ ብዙ አልቆይም። አራት ማዕዘን አጥፎ፣ በቋሚ ሽቦ አያይዞ፣ ማሰሪያውን ጥብቅ አድርጎ መጠምጠም ነው። የማሰሪያው ጫፍ ወደ ውስጥ ይታጠፍ፤ ልጅ ሊነካው ይችላል።

ዋናው ጉዳይ መሪው ነው። መሪው ረጅም ስለሆነ ወደ ነጂው ያዘነብላል። ያንን ዘንግ በቀጥታ ከፊት አክሱ (የፊት ጎማዎቹ ከሚሰኩበት ሽቦ) ጋር ካሰራችሁት፣ ስታዞሩ አክሱ ይጋደማል፤ አንዱ ጎማ ከመሬት ይነሳል። ብዙዎቻችን በልጅነት ዝም ብለን እንደዚያው ነዳነው። አሁን ግን ዘንጉን ለሁለት ከፈልኩት። አጭሩ ክፍል ቀጥ ብሎ ከአክሱ ይነሳል፤ ረጅሙ አዘንብሎ ወደ እጅ ይመጣል። የሁለቱ ጫፍ እንደ ቀለበት ታጥፎ እርስ በርሱ ይቆላለፋል። መካኒኮች ክሮቼራ የሚሉት መሆኑ ነው፣ በሽቦ። ቀለበቶቹ ጠባብና ሞላላ ሲሆኑ መሪው ብዙ ባዶ አይዞርም። ይሄን ካገኘሁ ወዲህ አራቱም ጎማ መሬት ይዞ ይታጠፋል። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም።

ጎማ ከአሮጌ ነጠላ ጫማ ነው። በሻይ ብርጭቆ አፍ አስምሮ መቁረጥ፣ ሁለቱን በማስቲሽ ማጣበቅ። ቀዳዳውን በቢላ አትውጉት። ሽቦ አግላችሁ ብሱት፤ ውስጡ ቀልጦ ስለሚጠነክር ቶሎ አይሰፋም። የፊት ጎማ በአክሱ ላይ ይዞራል፣ የኋላው ከአክሱ ጋር አብሮ ይዞራል። ከጎማው ውጭ የተበሳ ቆርኪ እንደ ሮንዴላ ስታስገቡለት ጎማው ከታጠፈው ሽቦ ጋር አይፋተግም።

ዛምቢያና ዚምባብዌም ልጆች የሽቦ መኪና ይሠራሉ፤ የአንዳንዶቹን ፎቶ አይቼ ለሰዓታት አፍጥጬበታለሁ። የኛ ግን በደንብ ተሰብስቦ የተቀመጠ አይመስለኝም። ለዚህ ነው ልኬቱን ሁሉ በደብተር የምጽፈው፤ የሚፈልግ ካለ ፎቶ አንስቼ እልካለሁ።

አሁን የቀረኝ ተሳቢው ነው። ኮምቦልቻ እያለን በአንድ ተራ ሽቦ መንጠቆ ነበር የምናያይዘው፤ ቁልቁለት ላይ ግን ተሳቢው እየገፋ ጋቢናውን ያጣምመዋል። ደሴ፣ ናዝሬት ወይም ድሬዳዋ ያደጋችሁ፣ እናንተ ጋ ተሳቢው እንዴት ነበር የሚታሰረው? በተለይ የፊት አክሱ ራሱ የሚታጠፍ ተሳቢ የሠራችሁ ካላችሁ፣ አሠራሩን በስዕል ብታሳዩኝ ሥራውን እዚህ ሳምንት ውስጥ እጀምረዋለሁ።