ቸርኬው አማረ፣ መኪናዋ ተንሸራተተች

መኪናዋን የገዛኋት ዳላስ ድረስ ሄጄ ነው። የ2018 ሥሪት መርሴዲስ ኢ 300፣ ጥቁር፣ ውስጧ ቡናማ ቆዳ፣ እግሯ ላይ የሚያብረቀርቅ ባለ 19 ኢንች ቸርኬ። ዴንቨር ውስጥ ለእሷ ዓይነት ከሚጠየቀው ዋጋ አራት ሺህ ዶላር ገደማ ትረክስ ነበር። ሻጩ ሐቀኛ ሰው ነው፤ «የሚገፏት የኋላ ጎማዎቿ ብቻ ናቸው፣ ኮሎራዶ ላይ እንዳትቸገር» ብሎኛል። እኔ ግን ከአዲስ አበባ ጀምሮ ሃያ ዓመት መሪ ስጨብጥ የኖርኩ መሆኔን በልቤ ቆጥሬ ፈገግ አልኩ። ዓይኔ ቸርኬው ላይ ነበር።

ሥራዬ ከዴንቨር አውሮፕላን ማረፊያ እንግዶችን ተቀብሎ ወደ ሆቴላቸው፣ በበረዶው ወራት ደግሞ ተራራ ላይ ወዳሉት የበረዶ መንሸራተቻ ከተሞች ማድረስ ነው። በ2023 ኦክቶበር ማለቂያ ላይ፣ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ኦሮራ ውስጥ በሃቫና ጎዳና እየሄድኩ ነበር። የጣለው በረዶ ጫማ እንኳ አይሸፍንም። ቀይ መብራት ሲበራ ከሩቅ ፍሬን ያዝኩ። ፔዳሉ እግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ፤ መኪናዋ ግን ምንም እንዳልሰማች፣ ሳትቸኩል፣ እንደ ሙሽራ በክብር መስመሩን አልፋ መስቀለኛው መሐል ገብታ ቆመች። ደግነቱ መንገዱ ጭር ያለ ነበር። ልውጣ ብዬ ነዳጅ ስሰጣት ደግሞ የኋላ ጎማዎቿ ባሉበት ዞሩ። በዚህ መሐል አንድ አሮጌ ኮሮላ በጎኔ አልፎ ሄደ። ሹፌሩ አንገቱን አዙሮ ያየኝን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ያን ቀን ነው ጎማዬ ላይ የተጻፈውን ጎንበስ ብዬ ያነበብኩት። የበጋ ጎማ ነው። ላስቲኩ ለሙቀት የተቀመመ ስለሆነ አየሩ ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲወርድ፣ በረዶ ባይኖር እንኳ፣ እየጠጠረ ይሄዳል። የበረዶ ጎማ በአንጻሩ በብርድ ለስላሳ ሆኖ ይቆያል፤ ጥርሱም ላይ በምላጭ የተበጣ የሚመስሉ ቀጫጭን ስንጥቆች አሉት፤ በረዶውን የሚነክሱት እነሱ ናቸው። አገር ቤት ክረምት ማለት ጭቃና ጎርፍ ነውና ጎማ ስንገዛ የምናየው ጥርሱን ብቻ ነው። ላስቲኩን መጠየቅ ያስተማረኝ ሃቫና ጎዳና ነው።

ጓደኞቼ ቡና ላይ ሁለት ወገን ሆነው ተከራከሩልኝ። አንዱ ወገን «ሽጣትና በአራቱም ጎማ የምትገፋ ግዛ» አለ። ምክሩ ለመነሳት ጥሩ ነው፤ ለመቆም ግን ምንም አይጨምርም፤ ፍሬን እንደሆነ በሁሉም መኪና አራቱም ጎማ ላይ አለ። ያን ሌሊት ጉድ የሠራኝ ደግሞ መቆሙ ነው። ሌላው ወገን «ለሁሉም ወቅት የሚሆን፣ ኤም ፕላስ ኤስ የተጻፈበት ጎማ ይበቃሃል» አለ። «ጭቃና በረዶ» ማለት የሆነው ይህ ጽሑፍ የጥርሱን ቅርጽ እንጂ በበረዶ ላይ መፈተኑን አይናገርም። የተፈተነው ጎማ ጎኑ ላይ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራ፣ ውስጡም የበረዶ ቅንጣት ተስሎበታል። ያም ቢሆን ፈተናው የሚደረገው በተጠቀጠቀ በረዶ ላይ ነው፤ ውኃ ረግቶበት እንደ መስታወት ስለጠጠረው መንገድ ምልክቱ ዋስትና አይሰጥም። የኮሎራዶ ሕግ ሁለቱንም ይቀበላል፦ ወደ ተራራው በሚወስደው አውራ ጎዳና በኢንተርስቴት 70 ላይ ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ፣ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31፣ እንደ እኔ ያለች መኪና የበረዶ ወይም የኤም ፕላስ ኤስ ጎማ፣ ጥርሱም ቢያንስ 3/16 ኢንች ማለትም አምስት ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ሊኖራት፣ አለዚያ የጎማ ሰንሰለት ወይም መሰል መሣሪያ ልትይዝ ይገባል። ሕጉ የሚያሳልፈኝ ጎማ ሁሉ ከቁልቁለት አያወርደኝም ብዬ ባለ ተራራውን መረጥኩ።

ቀጥሎ ልኩ መጣ። የመኪናዬ የፊት ጎማ 245/40 አር 19፣ የኋላው 275/35 አር 19 ነው። የፊቱና የኋላው ስለሚለያይ አቀያይሮ እኩል ማስበላት አይቻልም፤ ሰፊ ጎማ ደግሞ በረዶውን ከመቁረጥ ይልቅ ላዩ ላይ መንሳፈፍ ይቀናዋል። ስለዚህ ለአራቱም አንድ ዓይነት፣ ቸርኬው የሚያንስና ላስቲኩ የሚወፍር ፈለግኩ። ሒሳቡን ወረቀት ላይ ሠራሁት። የፊቱ ጎማ ስፋት 245 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት የዚያ 40 በመቶ፣ ማለትም 98 ነው፤ ከላይና ከታች 196፤ ባለ 19 ኢንች ቸርኬ 482.6 ሲደመርበት 678.6 ይሆናል። በ245/45 አር 18 ስሠራው 677.7 መጣ። ልዩነቱ አንድ ሚሊ ሜትር አይሞላም፤ የፍጥነት መቁጠሪያው አይዋሽም ማለት ነው። የጎኑ ቁመት ግን ከ98 ወደ 110 ከፍ አለ። በረዶ ሲቀልጥ በሚከፈተው የዴንቨር ጉድጓድ ላይ ያቺ 12 ሚሊ ሜትር ቸርኬ ታድናለች።

ከዚያም ወርጄ 17 ኢንች ለማድረግ አስቤ ነበር፤ ዋጋው ይረክሳል። ከጓደኛዬ አሮጌ መርሴዲስ አንዱን ፈትተን ፊት ላይ ብንገጥመው ቸርኬው ከፍሬኑ ካሊፐር፣ ዲስኩን ጨብጦ ከሚያቆመው ክፍል፣ ጋር ተፋተገና አልዞር አለ። ለእግዚአብሔር ምስጋና ይግባው፣ የሞከርነው ገንዘብ ሳልከፍል ነው።

ገንዘብ ከከፈልኩ በኋላ የደረሰብኝ ይብሳል። ከአንድ ግለሰብ ባለ 18 ኢንች አራት ቸርኬ በ350 ዶላር ገዛሁ። የመርሴዲስ ሥሪት አይደለም፤ ግን አምስት ቀዳዳ አለው፣ ቀዳዳዎቹ የተደረደሩበት ክብ ስፋቱ 112 ሚሊ ሜትር ነው፣ የእኔም እንደዚያው። ገጠመ ብዬ ደስ አለኝ። ጎማ ቤት ወስጄ በመኪናዋ በራሷ ብሎን አሰሩልኝ። በሰዓት 55 ማይል ላይ መሪው መንቀጥቀጥ ጀመረ። አርባ ማይል ያህል ነድቼ ብቆምና ቁልፍ ባስገባ፣ ብሎኖቹ በእጄ ኃይል ብቻ ሩብ ዙር ዞሩ። በዚያ ብርድ ላብ አጠመቀኝ።

ቀስ ብዬ እየነዳሁ አንድ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው የአገሬ ሰው መካኒክ ዘንድ ሄድኩ። ነገሩን ስነግራቸው ምንም ሳይሉ ክሪክ አስገብተው ጎማውን አወረዱ። አንድ ብሎን በጨርቅ ጠርገው መብራት ሥር ያዙት።

«አንገቱን እየው» አሉኝ። «እንደ ቅል ድቡልቡል ነው። አሁን ደግሞ የቸርኬህን ቀዳዳ እየው።»

ጣቴን አስገባሁ። የቀዳዳው አፍ እንደ መሶብ ክዳን ሾጣጣ ነው።

«ጋሼ፣ ጠብቆ ታስሮ ነበር እኮ።»

«ታስሯልማ! ግን የያዘው በቀለበት ያህል ጠርዝ ብቻ ነው። ቅል በመሶብ ክዳን ውስጥ ይቀመጣል? ሰው ትጭንበታለህ ደግሞ አንተ ልጅ!»

የመንቀጥቀጡንም ምክንያት አሳዩኝ። የመኪናዬ ሞዞ፣ ማለትም የቸርኬው መሐል የሚቀመጥበት ብረት፣ ስፋቱ 66.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ የቸርኬው የመሐል ቀዳዳ 73.1። ክፍተቱን የሚሞላ ቀለበት ማንም አላስገባበትም፤ ቸርኬው መሐሉን ስቶ ነበር የሚዞረው። ባለ ሾጣጣ አንገት ብሎንና ቀለበት ገዝቶ ማስተካከል ይቻል ነበር። ልቤ ግን አንዴ ፈርቷል። አሮጌ መኪና እየፈታ ከሚሸጥ ግቢ ከእኔው ሞዴል የወለቀ፣ የፋብሪካው የሆነ ባለ 18 ኢንች ቸርኬ በ520 ዶላር አገኘሁ። ከመክፈሌ በፊት አራቱንም ባላንስ ማድረጊያው ማሽን ላይ አስዞርኳቸው፤ አንዱ ሲዞር ጠርዙ ይወዛወዝ ስለነበር አስቀየርኩት። ብሎኑ የራሷ፣ ቀለበት የለ፣ ጭንቀት የለ።

ጎማውን ስመርጥ የዴንቨር ጠባይ አስቸገረኝ። ጠዋት ከዜሮ በታች አሥር፣ ከሰዓት በኋላ አሥራ አምስት ዲግሪ ሆኖ ጃኬት የሚያስወልቅ ከተማ ነው። ለቅንጦት መኪና የሚሸጠው የበረዶ ጎማ ሁለት ዓይነት ነው፦ አንዱ ለፍጥነትና ለደረቅ መንገድ ያደላ ጠንከር ያለ፣ ሌላው ለበረዶና በብርድ ለጠጠረ ውኃ ያደላ በጣም ለስላሳ። ከተማ ውስጥ ብቻ ብሠራ የመጀመሪያውን እወስድ ነበር። ተራራ ስለምወጣ ሁለተኛውን፣ ሚሽሊን ኤክስ አይስ ስኖው የሚባለውን ገዛሁ። ጠንቁም አለው፤ በደረቅ አስፋልት ላይ መሪው ይለሰልሳል፣ መኪናዋ የነበራትን ቅልጥፍና ታጣለች። እኔ ለእሽቅድምድም አልቀጠርኳትም፤ ከኋላ የተቀመጠው ሰው ቡናው ካልፈሰሰ ይበቃኛል።

ሁለት ነገር አስተዋልኩ። ጎማው ላይ ከልኩ ቀጥሎ ያለው 100 የሚለው ቁጥር አንዱ ጎማ 800 ኪሎ ግራም እንደሚሸከም ይናገራል። ጎማው የሚችለው ፍጥነት ከቀድሞው ቢያንስ ግድ የለም፤ ሸክሙ ግን መኪናዋ ከምትጠይቀው ማነስ የለበትም፤ አራት ሰው ከነሻንጣው የምጭን ነኝ። ሌላው ዕድሜው ነው። ጎማው ጎን ላይ ዲኦቲ ከሚለው ጽሑፍ በኋላ ካሉት ፊደላትና ቁጥሮች የመጨረሻዎቹ አራት አሃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይገልጻሉ። ካመጡልኝ አራት ጎማዎች ሁለቱ 3023፣ ሁለቱ 0521 ይሉ ነበር፤ በአንድ ዋጋ! ሁለቱን መልሱልኝ አልኩ። ሻጩ ትንሽ አኮረፈ፣ ግን ቀየረልኝ።

የአየሩን ነገር በአጭሩ ልጥቀስ፦ ሙቀቱ አምስት ተኩል ዲግሪ ያህል በወረደ ቁጥር ጎማው አንድ ፒ ኤስ አይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ገደማ ያጣል። ሞቃት ጋራዥ ውስጥ አስሞልቼ ሌሊት ውጭ ባሳደርኳት ጊዜ ማስጠንቀቂያው በራ። አሁን የምለካው ጠዋት፣ ሳትነዳ ነው። ለአዲሶቹ ቸርኬዎች የራሳቸውን የአየር መለኪያ ሴንሰር ገዛሁላቸው፤ በየወቅቱ ከማገለባበጥ ይሻላል።

የመጀመሪያው ተራራ ጉዞዬ በጃንዋሪ ወደ ቬይል ነበር፤ ኋላ ሁለት አዛውንት ባልና ሚስት ተቀምጠዋል። የአይዘንሃወር ዋሻ ከባሕር ወለል በላይ 3,400 ሜትር ገደማ ነው፤ ከእንጦጦ ራስ ይበልጣል። ከዋሻው ወጥቶ ወደ ሲልቨርቶርን የሚወስደው መንገድ ዝቅዝቅታው እስከ ሰባት በመቶ ይደርሳል። በረዶው በጎን ይወርዳል፣ የመንገዱ መስመር አይታይም። ባዶ መሆኑን ካየሁ በኋላ ሆን ብዬ ፍሬኑን ነካ አደረግኩ። ያዘች። ትንሽ ቆይቼ ደገምኩ። ያዘች። ሴትዮዋ «ምን ሆነ?» ሲሉ ባልየው ተኝተው ነበር።

በኤፕሪል አጋማሽ ባለ 19 ኢንቹን መለስኩ፤ ያ ለስላሳ ላስቲክ በሞቀ አስፋልት ላይ ቶሎ ያልቃል። የበረዶዎቹ ጎማዎች ከነቸርኬያቸው ጋራዥ ውስጥ፣ ፀሐይ በማይነካቸው ጥግ ተደራርበዋል። እነዚያን ባለ ሾጣጣ ቀዳዳ ቸርኬዎች ደግሞ አዲሱን ቢ ኤም ደብልዩ 5 የሚነዳ ወጣት በ300 ዶላር ሊገዛቸው መጣ። ገንዘቡን ሲያወጣ አስቆምኩትና ከራሱ መኪና አንድ ብሎን እንዲፈታ አደረግኩ። በስልኬ መብራት እያበራሁለት አንገቱን ቀዳዳው ውስጥ አስቀመጠው፤ ሾጣጣ በሾጣጣ፣ ክፍተት የለውም። «ቀለበቱን ግን እንዳትረሳ» አልኩት።