የኮኒ አይላንድን የኒዮን ታፔላዎች በምሽት ፎቶ ለማንሳት ለምታስቡ

በኒው ዮርክ ከተማ፣ በብሩክሊን፣ ኮኒ አይላንድ በሚባለው የባሕር ዳር መዝናኛ ሠፈር የሚገኘው ዎንደር ዊል እ.ኤ.አ. በ1920 ተከፍቶ ዛሬም የሚዞር፣ 150 ጫማ ከፍታ ያለው የመዝናኛ መንኮራኩር ነው። ሰው ከሚሳፈርባቸው 24 ሣጥኖች 16ቱ በሐዲድ ላይ ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታሉ። ከተማው በ1989 በቅርስነት መዝግቦታል። እኔ ግን የፈለግሁት የድሮ የኒዮን (ጋዝ በተሞላ የመስተዋት ቱቦ የሚበሩ) ታፔላዎቹን ፎቶ አንሥቼ በትልቅ መጠን ለማሳተም ነበር። ዲ፣ ኤፍ፣ ኤን ወይም ኪው ባቡር ይዞ ስቲልዌል አቬኑ መውረድ ብቻ ስለሆነ ስለ መንገዱ የምለው የለኝም።

ያቃጠለኝ ፈቃድ የሚሉት ነገር ነው። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ሰማዩ ጥቁር ሰማያዊ የሚሆንባት፣ የታፔላውም ብርሃን ከሰማዩ ጋር የሚመጣጠንባት ጊዜ ግማሽ ሰዓት እንኳ አትሞላም። እሷን ጠብቄ በሕዝብ የእግረኛ መንገድ ላይ ካሜራዬን በትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር መቆሚያ) እንዳቆምሁ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ መጥቶ ትራይፖድ ያለ ፈቃድ ክልክል ነው አለኝ። የትኛው ደንብ እንደሚከለክል ብጠይቀው አለቃውን ጠራ፤ አለቃውም ያንኑ ደገመልኝ፤ ስንከራከር ሰማዩ ጠቆረ። በማግስቱ በስልክ ያገኘሁት ኃላፊ ደግሞ፣ ለአንድ ሰውና ለአንድ ካሜራ፣ የአንድ ሚሊዮን ዶላር የኃላፊነት መድን (በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚከፍል ኢንሹራንስ) አምጣ ሲለኝ የምመልሰው ጠፋኝ።

ደንቡን ራሴ ፈልጌ ሳነበው ነገሩ ሌላ ሆኖ አገኘሁት። ከተማው በ2007 ባቀረበው ረቂቅ ላይ፣ አምስት ወይም ከዚያ በላይ ሆነው ትራይፖድ ይዘው ከ10 ደቂቃ በላይ የሚቆዩ ሰዎች ፈቃድና መድን እንዲኖራቸው ሊያስገድድ አስቦ ነበር፤ ተቃውሞ ስለ በረታበት ግን ያንን ትቶ፣ በ2008 የጸደቀው ደንብ መንገድ እስካልተዘጋ ድረስ በእጅ ለተያዘ ካሜራም ሆነ ለትራይፖድ ፈቃድ አያስፈልግም አለ። ይኸውም ማለት፣ የተነሡብኝ ሰዎች የጠቀሱት ክልከላ፣ ለብቻው የቆመን ሰው በተመለከተ፣ ውድቅ በሆነው ረቂቅ ውስጥ እንኳ አልነበረም! የደንቡን ገጽ አትሜ በኪሴ ይዤ ስመለስ ያው የጥበቃ ሠራተኛ አንብቦ ሳይናገር ሄደ።

ስለዚህ ጥርጣሬ ካላችሁ አስቀድማችሁ ደውሉ የሚለውን የተለመደ ምክር አልቀበለውም፤ ስልክ የሚያነሣው ሰው ከደንቡ ይልቅ የሚቀናውን መልስ ይሰጣችኋል። ወረቀቱን ያዙ እንጂ አትደውሉ። ከመዝናኛ ሥፍራው አጥር ውስጥ ግን የግል ንብረት ስለሆነ የሚጸናው የባለቤቱ ቃል ነው።

የካሜራው ሥራ ከዚህ ይቀላል። ኒዮን በአሜሪካ የኤሌክትሪክ መስመር በሰከንድ 120 ጊዜ ስለሚርገበገብ፣ ሻተሩ (ብርሃን ወደ ካሜራው የሚያስገባው መዝጊያ) ከሰከንድ አንድ ሠላሳኛ (1/30) እንዳይፈጥን አድርጉ፤ አለዚያ ፊደሎቹ በአንዱ ፎቶ ደምቀው በሌላው ይደበዝዛሉ። ንጹሕ ኒዮን የሚሰጠው ቀይ ብርቱካናማ ብርሃን ካሜራን ያታልላል፤ ጠቅላላው ሂስቶግራም (ካሜራው የብርሃኑን መጠን የሚያሳይበት ሥዕል) ደህና መስሎ ቀዩ ብቻውን ከልክ በላይ ደምቆ ዝርዝሩ ይጠፋልና የቀዩን ለይታችሁ ተመልከቱ፣ ካሜራው ከሚላችሁም አጨልሙ።

መንኮራኩሩ ለሕዝብ የሚከፈተው በሆሳዕና ሰሞን ነው፤ ሆሳዕናው የምዕራባውያኑ ስለሆነ ከእኛ ጋር የማይገጥምበት ዓመት ብዙ ነው። እኔ ግን ጥቅምትን፣ ማለትም የእነሱን ኦክቶበር፣ እመርጣለሁ፦ ፀሐይ ከምሽቱ 12 ሰዓት አካባቢ ስለምትጠልቅ እንደ ሰኔ ሁለት ሰዓት ተኩል ድረስ መጠበቅ የለም፤ ቅዳሜና እሑድ ብቻ እንዳይሆን ግን ከመሄዳችሁ በፊት የመክፈቻ ቀኖቹን ተመልከቱ።